ከባቡሩ ሆድ የወጣ አሸዋ

ሎኮሞቲቩን ገልብጬ የሆዱን ክዳን ስከፍት አሸዋ ፈሰሰ። አቧራ አላልኩም። የአዲስ አበባ ሰው ነኝና አቧራን አውቀዋለሁ፤ በየመስኮቱ ይገባል፣ በየመደርደሪያው ይተኛል፣ ማንንም አያስደነግጥም። ይኼ ግን አሸዋ ነበር። በጣት ሲያሹት የሚቆረቁር፣ ጠረጴዛው ላይ በዘረጋሁት ነጭ ፎጣ እንደ ጨው የተበተነ የወንዝ አሸዋ። የሞተሯ ጥርሶች ተበልተው አልቀዋል። ክው ብዬ ቀረሁ።

እኔ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን የምጠግን ቴክኒሺያን ነኝ። በእኛ ሥራ አንዲት ብሎን ከጠፋች እስክትገኝ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጓንታችንን እንቆጥራለን፣ መፍቻችንን እንቆጥራለን። እንዲህ ያለው ሰው እንግዲህ በገዛ ግቢው፣ በእጅ መዳፍ በምትያዝ የአሻንጉሊት ባቡር ሆድ ውስጥ አሸዋ አገኘ። "ማነው?" አልኩ ጮክ ብዬ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ቤታችን ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ነው። ከዋናው ቤት ኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለን። አንዱ የባለቤቴ ዕቃ ማከማቻ ነው፤ ሌላው ተከራዮቹ ከለቀቁ ወዲህ ባዶውን ከርሟል። የግቢው በር አጠገብ ደግሞ ቤቱን ስንሠራ የተረፈ የአሸዋ ክምር አለ። "አጥሩን ስንጨርስ ያስፈልገናል" እያልን ይኸው እስከ ዛሬ አጥሩም አላለቀ፣ አሸዋውም አልተነሣ። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ክምር የሌለበት ግቢ ካያችሁ ባለቤቱ ወይ በጣም ሀብታም ነው፣ ወይ ተከራይ ነው።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከድሬዳዋ አመጣኋቸው። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባቡር ነጂ ነበሩ፤ በአሮጌው ሐዲድ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ። በልጅነቴ አባት ማለት መጥቶ የሚሄድ፣ ሲመጣም ዘይት ዘይት የሚሸት ሰው ነበር። አሁን ግን እኔ ቤት ቁጭ አሉ። ችግሩም ይኸው ቁጭ ማለታቸው ነበር። ጎመኑን ልኮትኩት ሲሉ ባለቤቴ "ኧረ አባባ፣ ወገብዎን!" ትላለች። ዳቦ ልግዛ ሲሉ "መንገዱ መኪና ይበዛዋል" እላለሁ እኔ። የተቃጠለ አምፖል ልቀይር ብለው ወንበር ላይ ሲወጡ ሁለታችንም ሮጠን እናወርዳቸዋለን። ማክበራችን ነው። ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ይጠጣሉ፤ ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል፣ ያያሉ።

የቆዳ ሻንጣቸውን ግን አንድም ቀን አልፈቱትም። ከመኝታ ክፍላቸው በር ጀርባ በቀበቶው እንደታሰረ ይቆማል። የሚለብሱትን ያወጣሉ፣ ሲታጠብ መልሰው ይከቱታል። በየሳምንቱ፣ አንዳንዴ እጃቸው ገበታ ላይ እንዳለ፣ "እንግዲህ እኔ ልሂድ" ይላሉ።

"የት አባዬ?"

"ቤቴ ነዋ።"

ድሬ ያለው ቤት ባዶ ነው። አባቴ ስኳር አለባቸው። እዚያ ብቻቸውን ሳሉ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ጎረቤት ያገኛቸው በማግስቱ ነበር። ስለዚህ "ልሂድ" ባሉ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። አስሬ ላስቀራቸው አልችልም፤ እንዲቀሩ የሚያደርግ ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

ባቡሩ የመጣው በዚህ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ስነካካ ፈረንጆች በጠረጴዛ ላይ የሚያስኬዱትን ትንንሽ ባቡር አየሁ። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ፉርጎ ይጎትታል፣ የፊት መብራቱ ሳይቀር ይበራል። "አገኘሁት!" አልኩ። በሳምንቱ ባዶው ሰርቪስ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ ጠረጴዛ አስገጠምኩ። በአንደኛው ጫፍ ድሬዳዋን ሠራሁ፣ መሀል ላይ የአዋሽን ድልድይ፣ ከዚያ ዳገቱን፣ ከዳገቱ በላይ ለገሀርን። ለገሀርን ከካርቶን ቆርጬ ቀለም ቀብቼ ስጨርስ ባለቤቴ በበሩ ብቅ ብላ "የውሻ ቤት ነው?" አለችኝ። እንዲህ ናት።

ሐዲዱ በቀላሉ ተገኘ። መከራው የጀመረው በሎኮሞቲቩ ነው።

እህቴ የምትኖረው ጀርመን አገር ነው። የመጀመሪያውን፣ ጥቁሩን፣ ወደዚህ ለምትመጣ አንዲት ሴት ሰጥታ ላከችልኝ። ሴትዮዋን አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ አገኘኋት። ከሻንጣዋ የሕፃን ካልሲ አወጣች፤ ከካልሲው ውስጥ ባቡሬን አወጣች።

"ካርቶኑስ?" አልኳት።

"ውይ ካርቶኑ! ከነስፖንጁ ቦታ ጨረሰብኝ፣ ኪሎም ሞላብኝ፣ እዚያው ጣልኩት። አታስብ፣ በካልሲ ጠቅልዬዋለሁ" አለች፣ ምስጋናዬን እየጠበቀች።

ምን ይባላል? ከውጭ ዕቃ በሰው ያስመጣ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ ተጓዥ የካርቶን ጠላት ነው። ቴሌቪዥንም ቢሆን ካርቶኑን ጥሎ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው የሚያመጣው። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀበልኩ። ቤት ስደርስ የጥቁሩ የፊት ጎማ ከዘንጉ ወልቆ ካልሲው ውስጥ ቀርቷል። ካልሲውን ሳልመልስላት በመምጣቴ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ጎማውን መልሼ ብገጥመውም አንድ ዙር ሄዶ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም።

ባቡር ቀጥ ሲል እኛ ቤት መጀመሪያ የምናየው አምፖሉን ነው። "መብራት ሄደ እንዴ?" ይላል አንዱ። ሁላችንም ቀና እንላለን። አምፖሉ ቦግ ብሎ ያፈጥብናል።

ሁለተኛው፣ ቀዩ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ያገለገለ ነበር። ወደፊት ስነዳው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መብራቱ ይበራና ራሱ ይቆማል፣ ሲሞቅ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ፈትቼ ገጠምኩት፣ ደግሜ ፈታሁት። ሥራ ቦታ ይኼ ወሬ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ አንድ ቀን ሀንጋሩ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሜ ሳለሁ ባልደረባዬ ከታች "አንተ፣ ባቡሩ እንዴት አደረ?" አለኝ። ሀንጋሩ በሙሉ ሳቀ። አውሮፕላን እየጠገነ ባቡር ያቃተው ተብዬ ቀረሁ። ባለቤቴም ስሜን ቀየረችው፤ "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ትለኛለች በሩ ላይ ቆማ።

ሦስተኛው አረንጓዴው ነው። አባቴ ይነዱት የነበረውን ቁርጥ ይመስላል፤ አፍንጫው ደንደን ያለ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር ያለው። እህቴ ተጓዡን በማርያም አስምላው ነበርና ከነካርቶኑ ደረሰ። ይኼ ሠራ! የአዋሽን ድልድይ ሲሻገር አባቴ ከወንበራቸው ወደፊት ጎንበስ ሲሉ አየሁ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ግን ጎማው ባለበት ተሽከረከረ። ፉርጎዎቹ ወደ ኋላ ጎተቱት። ተንሸራትቶ ድልድዩ ላይ ቆመ።

ስለ አባቴ ወንበር መናገር አለብኝ። ከጠረጴዛው ራቅ አድርጌ፣ ከኋላው ትራስ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩላቸው፤ በደንብ እንዲያዩ። መቆጣጠሪያውን እይዛለሁ፣ ቁልፉን አዞራለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። አንዳንዴ እጃቸው ወደ ሐዲዱ ይዘረጋል። "አባዬ፣ አይንኩት! በጣም ስስ ነው" እላለሁ። እጃቸው ይመለሳል።

"ጎማው ሐዲዱን አልያዘውም" አሉኝ ያን ቀን።

"ሞተሩ ነው አባዬ። ይኼ ኤሌክትሪክ ነው፣ የእናንተን ዓይነት አይደለም።"

"እሺ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ አረንጓዴው ከቀን ወደ ቀን ታመመ። በመጀመሪያ ዳገቱ ላይ ብቻ ነበር የሚያስቸግረው። ቀጥሎ ሜዳው ላይም ይንተባተብ ጀመር፤ ሄደት፣ ቆም፣ ሄደት፣ ቆም። ጎማውን በአልኮል ሳጸዳው ደህና ይሆናል፤ በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ያው ነው። ያልሞከርኩት የለም። ሽቦውን ቀየርኩ፣ ትራንስፎርመሩን ቀየርኩ፣ እህቴን በስልክ ተጣላኋት። "ምን ዓይነት ዕቃ ነው የምትልኪልኝ!" ስላት "ወንድሜ፣ አንተ ነህ ወይስ ባቡሩ የተበላሸው?" ብላ ዘጋችብኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። አንድ ቀን መፍቻውን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት፤ የግድግዳው ልስን ላይ ምልክቱ ዛሬም አለ።

በዚያው ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር፤ ያኔ ግን ማን ልብ ብሎት። ባለቤቴ "ይኼ ሻይ አሸዋ አሸዋ ይለኛል" እያለች ባለ ሱቁን ትራገማለች። የሻይ ማጥለያው ይጠፋል፣ ደግሞ ታጥቦ ቦታው ላይ ይገኛል። በሰርቪሱ መስኮት ደፍ ላይ በጣሳ ክዳን የተሰጣ አሸዋ አይቼ አባቴ ለቤታችን ድመት ያደረጉላት መስሎኝ አልፌያለሁ።

ረቡዕ ምሳ ላይ አባቴ እጃቸውን ታጠቡና እንደ ቀላል ነገር ተናገሩ። "የአክስትህ ልጅ እሑድ ጠዋት ዕቃ ጭኖ ድሬ ይሄዳል። ይዞኝ ይሄዳል፤ ተነጋግረናል።"

ሌላ ጊዜ "ልሂድ" ማለት ብቻ ነበር፤ ቀን ቆርጠው፣ መኪና ፈልገው፣ ሰው አነጋግረው አያውቁም።

"ባቡሩ ለገሀር ሲገባ እንኳን ሳያዩ?" አልኩ።

"ልጄ፣ ያንተ ባቡር አይወጣም። ካረጁ አይበጁ፤ እሱም እኔም" አሉና ተነሡ። ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ ሳህኑን አየሁ።

ልጅነት ነው በሉት፤ ግን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ከእሑድ በፊት ይኼ ባቡር ዳገቱን ከወጣ አባቴ አይሄዱም። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ግን እንደ ስእለት አድርጌ ያዝኩት። ለዓርብ ፈቃድ ወሰድኩ። በጠዋት ሰርቪሱ ውስጥ ገብቼ ነጩን ፎጣ ዘረጋሁ፣ አረንጓዴውን ገለበጥኩ፣ እስከዚያ ቀን ለመክፈት የፈራሁትን የሆዱን ክዳን ፈታሁ። አሸዋውም ፈሰሰ።

ተቀምጬ አሰብኩ። ነፋስ ነው እንዳልል መስኮቱ ዝግ ነው። ድመቷ ናት እንዳልል ድመት ሎኮሞቲቭ ውስጥ አትገባም። ባለቤቴ ወደዚህ ክፍል የምትመጣው ልትሰድበኝ ብቻ ነው፤ እሱንም ከበሩ አታልፍም። እኔ ሥራ ስውል እዚህ የሚቀመጡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። መሄድ የፈለጉት ሰው።

ይኼ ሐሳብ ሲመጣ ከአሸዋው የበለጠ ደነገጥኩ። ባቡሩ ከተበላሸ የሚያቆያቸው ነገር የለም ማለት ነው፤ እንግዲህ ሆን ብለው ነው። የገዛ አባቴ! ደሜ ፈላ። ምሳ ላይ አባቴን ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ባለቤቴ ሻዩን ቀምሳ ፊቷን አጨፈገገች።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ እንደምገባ ሰው የመታወቂያ ካርዴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። መኪናዬን ከቅያሱ ጫፍ አቆምኩና በእግሬ ተመለስኩ፤ በኋላው በር ገብቼ ሰርቪሱ መስኮት ሥር ቆምኩ። በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ።

አባቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተንበርክከዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል። በአንድ እጃቸው ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘዋል፤ የሻይ ማጥለያው አጠገባቸው አለ። ብልቃጡን አዘንብለው በጣታቸው መታ፣ መታ ያደርጉታል። ዳገቱ ላይ፣ በሁለቱም ሐዲድ፣ ቀጥ ባለ ቀጭን መስመር አሸዋ ያፈስሳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ መስመሩ ቢወፍርባቸው ጎንበስ ብለው እፍ አሉት፤ ትርፉ በረረ። ወዴት እንደሚበር እኔ አወቅሁ።

ከዚያ በሩን በርግጄ ገባሁ።

"አባዬ!"

ብልቃጡ ከእጃቸው ወደቀ።

"እርስዎ ነዎት? ባቡሬን የሚገድሉት እርስዎ ነዎት? መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ! ምን አደረግኩዎት? ይኼን ሁሉ ለማን ብዬ ነው የሠራሁት?"

በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። የጮህኩት እኔ መሆኔን የሰማሁት ክፍሉ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። አባቴ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ጥፋተኝነት አልነበረም። ግራ ገብቷቸው ነበር።

"መግደል?" አሉ። "እንዲወጣ ነው እንጂ።"

"እንዴት ነው በአሸዋ የሚወጣው!"

"በምን ይወጣል ታዲያ? ሐዲዱ ጤዛ ሲይዘው፣ ዝናብ ሲሆን፣ ዳገት ላይ ጎማው ይሾራል። ጎታቹ ባቡር ጎን የአሸዋ ሣጥን አለ። ነጂው ይከፍተዋል፣ አሸዋው በቱቦ ወርዶ ከጎማው ሥር ይገባል፣ ጎማው ሐዲዱን ይነክሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ዳገት የወጣሁት እንደዚያ ነው። ያንተ ባቡር ሣጥን የለውም። ስለዚህ በእጄ አደረግሁለት።" ወደ ማጥለያው ጠቆሙኝ። "ደረቅና ደቃቅ ካልሆነ አይሠራም። ነፍቼዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።"

ያ ሁሉ ሳምንት እኔ ማታ የማጸዳውን እሳቸው ጠዋት በጥንቃቄ፣ በፍቅር፣ እየነፉ ይመልሱታል። እኔ ጎማውን ባጸዳሁ ቁጥር ይብስበታል፤ እሱ በባሰበት ቁጥር እሳቸው አሸዋ ይጨምራሉ።

"አይንኩ አላልኩም?" አልኩ።

"ባቡሩን አይንኩ አልከኝ። ባቡሩን አልነካሁም። ሐዲዱን አይንኩ አላልከኝም።"

የማደርገውን ሳላውቅ አረንጓዴውን አንሥቼ ሆዱን አሳየኋቸው። የተበሉትን ጥርሶች፣ ቅባቱ ውስጥ የተጣበቀውን አሸዋ። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ።

"እኔ ነኝ?" አሉ።

አባቴ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ፤ እውነተኛው ድንጋጤ ይኼ ነው፣ የቀደመው ሁሉ ቁጣ ነበር።

"ለምን አልነገሩኝም አባዬ?"

"ነገርኩህ እኮ። ጎማው አልያዘም አልኩህ። የእናንተን ዓይነት አይደለም አልከኝ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ተሳፋሪ ሆኜ አላውቅም። አንተ ቤት ነው የተሳፈርኩት። ሻይ ይመጣል፣ ወንበር ይመጣል። ይኼን ነገር ስትሠራ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ እዚህም ወንበር አመጣህልኝ።"

ወንበሩን አየሁት። ትራሱን አየሁት። ከጠረጴዛው የራቀውን ርቀት አየሁት። ለባቡር ነጂ ባቡር ሠርቼ፣ መቆጣጠሪያውን አንዲት ቀን እጁ ላይ አላስቀመጥኩም። አውሮፕላን ጠጋኙ ይነዳል፣ ባቡር ነጂው ይሳፈራል። በየትኛው ጭንቅላቴ ነው ይኼን ያሰብኩት? አፈርኩ፤ አፍሬም "ስልክዎን ያምጡና ያብሩልኝ" አልኳቸው።

አበሩልኝ። የቀዩን ጥርሶች አውጥቼ ለአረንጓዴው ገጠምኩ። እኔ ስፈታ እሳቸው መብራቱን ያዙ፣ ብሎኖቹን በመዳፋቸው ጠበቁ፣ በመሀል "ቀስ፣ ቀስ" እያሉ ነጩን መሐረባቸውን አውጥተው ከድሬዳዋ እስከ ለገሀር ሐዲዱን አበሱ። መሐረቡ ጠቆረ። ባለቤቴ ምሳ ብላ መጥታ ሁለታችንን አየችና ሳትሳደብ ተመለሰች። ማጥለያዋን ግን ይዛ ሄደች።

ስጨርስ መቆጣጠሪያውን ሰጠኋቸው። ወዲያው አልተቀበሉኝም፤ መጀመሪያ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ቆሙ።

"ፊሽካ የለውም?" አሉኝ።

"የለውም።"

በአፋቸው ነፉት። እኔ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከአንድ ሽማግሌ ሰው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ባቡሩ ተነሣ። አዋሽን ተሻገረ፣ ዳገቱን ያዘ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጎማው ሾረ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ የመጨረሻው ፉርጎ ተገልብጦ ሌሎቹን ይዞ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። "እንግዲህ እኔ ልሂድ" እስኪሉ ጠበቅሁ።

"አንተ ሰነፍ!" አሉ አባቴ። ዓይኔን ገለጥኩ። ባቡሩን ነው የሚሳደቡት። "አንተ የማትረባ! አንተ ከንቱ! እንዲህ ነው ዳገት የሚወጣው?" ከአባቴ አፍ ስድብ ሰምቼ አላውቅም፤ ፊታቸው ቀልቶ፣ አንገታቸው ላይ ሥር ተገትሯል፤ መፍቻውን በወረወርኩ ቀን የእኔም ፊት እንዲያ ሳይሆን አልቀረም። ፉርጎዎቹን ራሳቸው ከወለሉ ለቀሙ። ደግመው ነዱት፣ ደግሞ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ ስልኬን ተቀብለው እህቴ ጋር ደወሉ። "ስሚ፣ ይኼ ጎታች ሰነፍ ነው። ከበድ ያለ ላኪልን። ይዞ የሚመጣው ሰው ካርቶኑን የጣለ እንደሆነ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው፣ እንዲህ ብለሽ ንገሪው!"

የእህቴ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። "አባዬ፣ ነገ ድሬ አይደለም እንዴ የሚሄዱት?"

አባቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥተው ጎንበስ ብለው ጎማውን ማየት ጀመሩ።

እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ባለቤቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በራችን ላይ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። የአክስቴ ልጅ ነው። ሻንጣው እንደወትሮው በቀበቶው ታስሮ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። አባቴ ይሂዱ ይቅሩ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ ፈርቼ ነው። ሻንጣውን አንሥቼ ተሸከምኩት። የአሸዋውን ክምር አልፌ፣ መኪናው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። "ልጥራቸው" አልኩና ተመለስኩ። ከበሩ እስከ ሰርቪሱ ያለው መንገድ ያን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም።

አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ለመንገድ የሚለብሱትን። መቆጣጠሪያው በእጃቸው ነው። አረንጓዴው ባቡር ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ነው፤ አይወጣም፣ አይወርድም፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ጎማው በጣም በቀስታ ይዞራል። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው፤ ትንሽ ይጨምራሉ፣ ትንሽ ይቀንሳሉ።

"አባዬ፣ መኪናው መጥቷል" አልኩ።

"ዳገት ላይ ነኝ" አሉ፣ ሳይዞሩ።

"እየጠበቀዎት ነው እኮ..."

"ዳገት ላይ ባቡር ጥሎ የሚወርድ ነጂ አይተህ ታውቃለህ? ዝም በል። አታናግረኝ።"

ትንሽ ቆሜ አየኋቸውና በእግሬ ጣት ወጣሁ።

የአክስቴ ልጅ ሞተሩን አላጠፋም ነበር። "የት አሉ? አመማቸው እንዴ?" አለኝ።

"አይ" አልኩት። "ሥራ ላይ ናቸው።"

ሻንጣውን ከመሬት አነሣሁና ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ።